ሐጂ ሙሜ እና ቪቫን የሚባለው ፈረንጅ

ሐጂ ሙሜ ሞተ ሲሉኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው፣ «የትኛው ዛፍ ላይ?» የሚል ነው።

ወሬውን ያመጣችልኝ ሮዳ ናት፤ ከሐጂ ሱቅ በራፍ አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ሶማሌ። አማርኛዋን ከእኛ ከሐበሾቹ ጋር ስትውል ነው የለቀመችው። ትክ ብላ አየችኝና፣ «ተሰማ፣ ዛፍ የለም። ሐጂ ራሱ ሞተ። ቤቱ ሰው እየገባ ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ እዚያው በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰው እንዳይፈርድብኝ ላስረዳ። በእኛ ሰፈር ሞት በሐጂ ሙሜ ምክንያት ሁለት ዓይነት ሆኖ ነበር። አንደኛው እግዚአብሔር የሚያመጣው ነው። ሁለተኛው ሐጂ ሙሜ ጅቡቲ፣ ቡላኦስ የሚባለው ሰፈር ባለው የጨርቅ ሱቁ ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር ላይ የሚጽፈው ነው። በሁለተኛው የሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬም አሉ፤ ጫታቸውን ይቅማሉ፣ ይሟገታሉ፣ ልጅ ይድራሉ።

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ድሬዳዋ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው። የተጣመመ ፊደል ያገኘ ሰው ያቅናው። ያየሁትን ግን አይቻለሁ። ያረጀሁት በሐጂ ሙሜ ሱቅ ጨርቅ ስሸከም፣ ስዘረጋና ስጠቀልል ነው። ደግሞ ሐጂን «እሱ» እያልኩ መጻፌ ንቀት እንዳይመስል። ሁለታችንም የድሬ ልጆች ነን፤ ድሬ ላይ አንቱታ የሚባል ነገር አልፈጠረብንም፤ አባታችንንም አንተ ነው የምንለው።

ሐጂ አጭር ሰው ነበር፤ ሽርጥ ታጥቆ፣ የሐረር ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ይቀመጣል። ጨርቅ የሚለካበት የእንጨት ሜትር ከእጁ አይለይም። በሱ ይለካል፣ በሱ ጀርባውን ያካል፣ በሱ ኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን ዘመዶቹን ይጠቁማል። «ይሄ የአባቴ አጎት ነው» ይልና ጠቅ ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ ከመጠቆሙ የተነሳ የአባቱ አጎት ያለበት ቦታ መስታወቱ ተቧጭሮ ስሙ አይነበብም ነበር።

ሱቁ ውስጥ አንድ ቬንቲላተር ብቻ ነበር፤ እሱም የኮምፒውተሩ ነው። የጅቡቲ ሙቀት ጨርቁን እንኳ የሚያልበው በሚመስልበት ወር ገዢው ላቡን በክንዱ እየጠረገ ይቆማል፣ ነፋሱ ግን ለኮምፒውተሩ ነው። አንድ ቀን አንዲት የሰው ቤት ሠራተኛ፣ የእኛው አገር ልጅ፣ እመቤቷ ለመጋረጃ ልካት መጣች።

«ሐጂ፣ እባክህ ቬንቲላተሩን ወደዚህ አዙረው፤ ልቀልጥ ነው» አለችው።

«አቦ ቻይው። አንቺ አንድ ሰው ነሽ፤ እዚህ ውስጥ ያለው ዘመዴ ሁሉ ነው።» ከዚያ መነጽሩን አወረደና፣ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?» አላት።

«የበቀለ።»

«በቀለ የማን?»

«የደምሴ።»

«ደምሴ የማን?»

«ሐጂ፣ እኔ የመጣሁት ለመጋረጃ ነው።»

«መጋረጃው የትም አይሄድም። ደምሴ የማን?»

ልጅቷ አታውቀውም ነበር። ሐጂ መጋረጃዋን ለክቶ ሰጣትና፣ «ሂጂና አባትሽ ጋ ደውለሽ ጠይቂ» ብሎ ሸኛት። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፤ የምትገዛው ነገር አልነበራትም። «ደምሴ የወልደሚካኤል ነው» ብላ ሄደች። ሐጂ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

አሁን ስለ ዛፎቹ። ዛፍ የሚሉት ማን ከማን እንደተወለደ የሚጻፍበትን የዘር ሐረግ ነው፤ የሐጂም ሁለት ናቸው። አንዱ የሱቁ ዛፍ ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ፣ ኢንተርኔት ጠፋ አልጠፋ የማይነካው። ሁለተኛውን ነጃት የምትባለው ልጁ ፈረንሳይ አገር ማርሴይ ሆና ኢንተርኔት ላይ ነው የተከለችው፤ ጂዳ ያለውም፣ ሐረር ያለውም ዘመድ በስልኩ ያየዋል። ሐጂ በሱቁ ዛፍ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ለውጪው ዛፍ ይልካል። ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው።

መጀመሪያ ላይ ግን የሚልከው በነበረው ላይ አይተካም፤ ከጎኑ ይደረደራል። ሐጂ ይሄን ሳያውቅ ደጋግሞ ላከ። ጂዳ ያለች የሚስቱ እህት አየችና ለሚስቱ ለሐሊማ ደወለችላት፤ «ሙሜ ሦስት ሚስት አድርጓል፤ የሚገርመው ሦስቱም ሐሊማ ነው የሚባሉት» አለቻት።

ሐሊማ ሱቅ መጣች። አልተቆጣችም፤ ቀስ ብላ ነው የጠየቀችው።

«ሁለቱ ሐሊማዎች የት ነው ያሉት?»

«አቦ አንቺው ነሽ።»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም። ማሽኑ ነው ያባዛሽ።»

«ጥሩ» አለች። «ዛሬ ምሳህን ከሁለተኛዋ ጋር ብላ።»

ወጥታ ሄደች። ሐጂ ያን ቀን ሮዳ ጋ ዳቦ በሻይ በላ። ከዚያ በኋላ ነጃት፣ «አባቴ፣ አንተ ላክልኝ፣ የምተካው እኔ ነኝ» ብላ ነገሩን በእጇ አደረገችው።

ይሄ ሁሉ ድካም ለምን ነበር ለሚለኝ ሰው፣ ለአብዶሽ ነው እለዋለሁ። አብዶሽ የሐጂ አንድ ወንድሙ ነው፤ ታናሹ። ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር በአባታቸው ቤት ይኖራል። ሁለቱ ለብዙ ዓመት አይነጋገሩም ነበር። የተጣሉት በበር ነው። አብዶሽ ሐጂን ሳያማክር የአባታቸውን ቤት በር ከአንደኛው መንገድ ወደ ሌላኛው አዞረው፤ የድሮውን በር በድንጋይ ደፈነው። ሐጂ ይሄን ሳይሰማ ለዘመድ ጥየቃ ሄደ። በለመደው መንገድ መጣ፣ እጁን ሰደደ፣ አንኳኳ። ግድግዳ ነው። ወንድሙ ከግድግዳው ወዲያ ሲያስል ይሰማዋል። ቆሞ ቆሞ፣ ሻንጣውን አነሳና ወደ ጅቡቲ ተመለሰ። «የአባቴን በር ደፈነብኝ» አለኝ። አብዶሽ ደግሞ፣ «ደጄ ድረስ መጥቶ ሳያየኝ ተመለሰ» ብሎ ተቀየመ። ዞሮ መግባት ነበረበት እኮ። ይሄን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ እሱም ሜትሩን አንስቶብኛል።

የስኳር በሽታው ሲጠናበትና ሐኪሙ እግሩን ደጋግሞ ማየት ሲጀምር ግን ሐጂ ሌላ ሰው ሆነ። «አቦ ተሴ፣ ሳንነጋገር ብሞትስ?» ይለኝ ጀመር። ደውልለት እለዋለሁ፤ አይደውልም። «ቃል ጀምሬ መልሶ ከተናገረኝ አልችለውም። ዛፉን ግን ሲያየው ይገባዋል። አባባ ከላይ አለ፤ ከሥሩ እኔና እሱ ጎን ለጎን ነን። ይሄን አይቶ የሚጨክን ሰው የለም።»

አንድ ዓርብ ላከ። ነጃትም ዛፉን አብዶሽ ስልክ ላይ እንዲከፈት አድርጋ ላከችለት። እኛ የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ስናየው ያምር ነበር፤ አባትየው ከነፎቶው፣ ከሥሩ ሁለቱ ልጆቹ። ሐጂ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ መጠበቅ ጀመረ። ገዢ ቢመጣ ዞር ብሎ አላየም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ሐጂ ጆሮው ከበድ ስለሚል ድምፁን ለቀቀው፤ እኔም ሮዳም ሰማን።

«ሙሜ፣ ቪቫን ማነው?»

ሐጂ የወንድሙን ድምፅ ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አብዶሽ? ደህና ነህ ወይ?»

«ደህንነቴን ተወው። ቪቫን ማነው?»

«የምን ቪቫን?»

«አባባ ሁለት ልጅ አለው ይላል ዛፍህ። አንዱም ቪቫን፣ ሌላውም ቪቫን። ጎረቤቴ ፋርማሲስቱ ነው ያነበበልኝ፤ የተማረ ሰው ነው። እኔ የለሁበትም። አንተም የለህበትም። አባባ ጅቡቲ ሲመላለስ ከፈረንጅ ወልዷል እንዴ?»

«አብዶሽ፣ ቆይ...»

«የነጃትም ስም ቪቫን ነው፤ የኔ ልጆችም ቪቫን ናቸው። አገሩን ሁሉ ፈረንጅ አደረግከው እኮ። በሩን ስላዞርኩ ነው ስሜን ፍቀህ ቤቱን ለቪቫን ልታወርስ የተነሳኸው? ንገረው፤ በየትኛውም በር ቢመጣ አላስገባውም።»

ዘጋው።

ሐጂ ስልኩን ገልብጦ አየው። ሮዳ፣ «ቪቫን እኮ ፈረንሳይኛ ነው» አለች ቀስ ብላ፤ «ያለ ሰው፣ ያልሞተ ሰው ማለት ነው።»

ነጃት ጋ ደወለ። እሷም ነገሩን አፍረጠረጠችው። ኢንተርኔት ላይ በሕይወት ያለ ሰው ስሙ ይሸፈናል፤ ሌባ እንዳይጠቀምበት ነው አሉ። ዛፉ የተከፈተው በፈረንሳይኛ ስለሆነ በስሙ ፋንታ ቪቫን ይላል። የሱቁ ኮምፒውተር የራሳችን ስለሆነ አይሸፍንም፤ ለዚህ ነው እኛ ያላየነው።

«ስለዚህ ስም የሚወጣው ለሞተ ብቻ ነው?» አለ ሐጂ።

«አዎ አባቴ።»

«ያለ ሰው ስም የለውም?»

«አለው፤ አይታይም እንጂ።»

«ልጄ፣ ካልታየ ለአብዶሽ ምን አደረግኩለት?»

ነጃት፣ «ወደ እንግሊዝኛ ልቀይረው?» አለች። ሐጂ አሰበና፣ «ከፈረንሳይ አስወጥተሽ ለእንግሊዝ ልትሰጪው ነው? ተይው» አላት። እሷም ራሷ አጎቷ ጋ ደውላ፣ ቪቫን ማለት ሕያው ማለት ነው ብላ አስረዳችው። አብዶሽ የመለሰላት እንዲህ ነው፤ «መኖሬን መቼ ጠየቅኩ? መኖሬን አውቃለሁ። እኔ የጠየቅኩት ስሜን ነው።» ሐጂ ሲደውልለት ግን ስልኩን አያነሳም።

ከዚያ በኋላ ሐጂ ዘመድ መጠየቁን ተወ፤ ገዢዎቹ እንኳ፣ «ዛሬ የማን ልጅ ነሽ አይልም እንዴ?» እያሉ አለፉ። በሚቀጥለው ዓርብ ከጁምዓ ተመልሶ ለሶላት እንደሚታጠበው እንደገና ውዱእ አደረገ፤ ሽርጡን አጥብቆ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ።

«ተሴ፣ በሩን መለስ አድርገው» አለኝ። «አብዶሽን ልገድለው ነው።»

«ሐጂ፣ ይሄ ነገር ጥሩ አይደለም» አልኩት። «ሰው ይሰማል። እግዚአብሔርም ይሰማል።»

«እሱማ የአብዶሽን ስም ለምን እንደምጽፍ ያውቃል።»

የወንድሙን ስም ከፈተ። ሞቷል በሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ማሽኑ ደግሞ ጥያቄ አያልቅበትም። የት ሞተ? አለው። ሐጂ «ድሬዳዋ» ብሎ ጻፈ፤ ውሸት ሆነበትና ከጎኑ «አልሞተም» ብሎ ጨመረ። የሞተበት ምክንያት? አለው። ሐጂ መነጽሩን ጠረገና «ስሙ እንዲታይ» ብሎ ጻፈ። የት ተቀበረ? ሲለው፣ «የትም» አለ። ይሄን ሁሉ እያለቀሰ ነው የጻፈው። ላልሞተ ሰው የሚለቀስ ለቅሶ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔም ዝም ብዬ ማየት ስላልሆነልኝ አብሬው አለቀስኩ፤ ሮዳ በበሩ ስንጥቅ አየችንና ሁለት ሻይ አመጣች።

ለካ ዛፉ አንድ ሰው ሲሞት ለዘመድ ሁሉ ስልክ ላይ መልእክት ይልካል። ይሄን ነጃትም አላሰበችውም። ጂዳ እሪ አለች። ከሐረር ሰው ተነስቶ ድሬዳዋ ገባ። የሩቆቹ ዘመዶች የሚያውቁት የድሮውን በር ስለሆነ፣ የተደፈነው ግድግዳ ሥር ቆመው «ወይኔ አብዶሽ» እያሉ ደረት ይደቁ ጀመር። አብዶሽ ጫቱን ጥሎ በአዲሱ በር ወጣ፤ ዞሮ መጣና ከኋላቸው ቆሞ፣ «ማን ሞተ?» አላቸው። የአክስቱ ልጅ ዞራ አየችውና እዚያው ወደቀች።

በማግስቱ የሐጂ ስልክ ጮኸ፤ ድምፁን ለቆ አነሳው።

«ሙሜ።»

«እህ።»

«ገደልከኝ?»

«ገደልኩህ።»

እኔ ጨርቁን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ስሜ ወጥቷል» አለ አብዶሽ።

«አየኸው?»

«አየሁት። ከነአያታችን ጽፈኸዋል። ፋርማሲስቱ ጮክ ብሎ ነው ያነበበው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ሰው ደግሞ አለቀሰልኝ፤ ያልጠበቅኩት ሁሉ። ጎረቤቴ ኡመር ብቻ ነው ያልመጣው፤ እሱን አገኘዋለሁ።» ሳል ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያ አንዱ ቪቫን ግን አሁንም አለ።»

«እሱ እኔ ነኝ።»

«አንተ ነህ? እንዲያ ከሆነ ይቀመጥ። ደግሞ እኔን ፊት አድርገህ፣ ራስህን ከኋላ። ታላቁ እኔ ነኝ ነው የሚለው።»

ሐጂ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። እውነት ነው፤ አብዶሽ ታላቅ ሆኗል። የሐጂ የልደት ዘመን ከጅቡቲ ወረቀቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የገባው፤ የአብዶሽ ግን በእኛ አቆጣጠር። በዚያ ምክንያት ታናሹ ቀድሞ ተወለደ። ሐጂ ሙሜ ማለት በአንዲት ፊደል ምክንያት ከአጎቱ ልጅ ጋር ተኮራርፎ የከረመ ሰው ነው። ሜትሩን አንስቶ ስህተቱን ጠቆመው፤ እኔም ስህተቱን ማየቴን አየ። ከዚያ ሳያርመው ሜትሩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ፊት ነህ» አለው። «መቼ ነው የምትመጣው?»

መጣ። ናጋድ ጣቢያ ሄደን ከባቡር ተቀበልነው። ከሐጂ ጋር ቁርጥ አንድ ናቸው፤ ይሄኛው ብቻ ጥርስ የለውም። ሱቅ ስንደርስ ሮዳ፣ «ሟቹ ሻይ ይጠጣል?» አለች፤ አብዶሽ «በስኳር» አላት። የሰነበተበትን ጊዜ ሁሉ ለገባ ለወጣው ገዢ፣ «እኔ የሞተው ወንድሙ ነኝ» እያለ እጁን ይሰጥ ነበር። የበሩን ነገር አንዳቸውም አላነሱም። ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ሙታን ይከራከራሉ፤ የእንትና እናት የማን ልጅ ነች እየተባባሉ። ሐጂ እንደዚያ ሰሞን ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ነገሩ በዚህ አልቆመም። ዘመዱ የአብዶሽን ስምና ፎቶ አይቶ ቀና። ስልኩ ሥራ በዛበት። አንዱ ከጂዳ፣ «ሐጂ፣ እኔንም ግደለኝ» ይለዋል። ሌላው፣ «ከአብዶሽ ታንሳለህ እንዴ እያሉኝ ነው፤ ዒድ ሳይደርስ ግደለኝ» ይላል። አንዷ አክስቱ ደግሞ፣ «ግደለኝ፤ ዕድሜዬን ግን እንዳትጽፍ» አለችው። ሐጂ ዓርብ ዓርብ ተራ አስይዞ ይገድል ጀመር። ለሁሉም «አልሞተም»፣ «አልሞተችም» የምትለዋን ሳይጽፍ አያልፍም። እኔም አንድ ቀን፣ «አንተስ ስምህ አይወጣም?» አልኩት።

«እኔ ብሞት ማን ይጽፋል?» አለኝ።

ያው እሱም ሞተ። ስኳሩ ነው። በወጉ ተቀበረ፤ በሙስሊም ደንብ ቀብር አይዘገይምና አብዶሽ አልደረሰም፤ በባቡር ሲገባ አፈሩ ደርቆ ነበር። ከሐዘኑ በኋላ ከማርሴይ የመጣችው ነጃት፣ ሐሊማ፣ አብዶሽና እኔ ሱቅ ተቀመጥን። ነጃት ማሽኑን ከፈተች። ሞቷል በሚለው ላይ ምልክት አደረገች። የት ሞተ ሲላት «ጅቡቲ» ብላ ጻፈች፤ ከጎኑ የምትጨምረው ነገር አልነበራትም። ላከችው።

አብዶሽ ስልኩን ዓይኑ ድረስ አስጠግቶ ጠበቀ። ቪቫን ጠፋ፤ ሙሜ ወጣ። አብዶሽ ፊት፣ ሙሜ ከኋላ።

«ነጃት» አለ አብዶሽ፤ «የእኔ ዓመት በሐበሻ ነው የተጻፈው። አባትሽ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር» አልኩት እኔ።

«እኔም አውቅ ነበር» አለ። «አስተካክዪው። ታላቄ ነው።»

አስተካከለችው፤ ሙሜ ወደ ፊት መጣ። ነጃት ፊቷን በሻሿ ጠረገችና፣ «አጎቴ፣ እዚሁ እያለሁ አንተንም ላስነሳህ። በጤናህ ሞተህ መቅረትህ ደስ አይልም» አለችው።

«ብነሳ ስሜ ይሸፈናል አይደል?»

«ይሸፈናል። ቪቫን ነው የሚለው።»

«ታዲያ ሙሜን ከማን ጎን ጥለሽው ልትሄጂ ነው? ከፈረንጅ?»

ነጃት ማሽኑን ዘጋችው። አብዶሽ እስካሁን እንደሞተ ነው። በቀደም ዕለት ደውሎ ጤንነቴን ጠየቀኝ።